በጆሮ የተለካ ስም

ስልሳ ዓመት ሞልቶሻል ብለው አሰናበቱኝ። ስልሳ መሙላቴን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ስቀጠር ዕድሜሽ ስንት ነው ሲለኝ፣ ከፊቴ የተቀመጠውን ጸሐፊ አየሁና «እንዳንተ ነኝ» አልኩት። የራሱን ጻፈልኝ። እሱ ጡረታ ሲወጣ እኔም ወጣሁ።

አሁን ቤት ተቀምጫለሁ። የልጅ ልጄ ሰናይት ደብተር ይዛ መጣችና «እምዬ፣ የሠራሽውን ተናገሪ፣ እኔ ልጻፈው» አለችኝ። ምን ሠራሁና? ወለል ጠረግሁ፣ ወረቀት ተሸከምኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። ብቻ በንግድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ግድም ስኖር፣ የደመወዝ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ አንድ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ሰዎች ለንግዳቸው ስም ሊያስመዘግቡ ሲመጡ ስሙን እሰማ ነበር። የማስጽፋት ስለሱ ነው።

የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። ዋናው ነገር የሆነበትን ከተማም አልጠራም። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ገበያ እንገናኛለን። የአንዲቱን ሴት ስም ግን ሰናይት ናት የመረጠችልኝ፣ በፊደሉ አመል ከእውነተኛው ጋር እንዲመሳሰል ብላ። የፊደሉን ነገር ኋላ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከሦስት ቦታ ያፈሳል። ጉና ላይ ደመና ሲወርድ ካየሁ ባልዲ አዘጋጃለሁ። ከባልዲው ቀጥሎ ፋይል ነው ሥራዬ። ማንበብ ስለማልችል ፋይሉን በመልኩ አውቀዋለሁ። የአረቄ ነጋዴዋ ጥጉን አይጥ የበላው ነው። የወፍጮ ቤቱ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ነው። የሆቴሉ ወፍራም ነው፤ ክስ አያጣውምና። ሰው መጥቶ «የእገሌን» ካለኝ መብራት ቢጠፋም በእጄ ዳብሼ አወጣዋለሁ። አይጡ ሲያስቸግር ድመት ይምጣ አልኩ። በጀት የለም አሉኝ። ከቤቴ አመጣሁ። ድመቷ ደመወዝ አልጠየቀችም፤ የኔም ደመወዝ ከሷ ብዙ አይርቅም ነበር።

መዝጋቢው አቶ ይርሳው ይባላሉ። አገራቸው ይፋግ ነው። መዝገቡን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነኝ። መዝገቡ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ሻይ አይቀመጥም። አንድ ኃላፊ አንድ ቀን ብርጭቆውን ቢያስቀምጥ፣ አንሥተው መስኮቱ ላይ አኖሩለት።

ሰው ማመልከቻ ሲዘረጋላቸው ወዲያው አይቀበሉም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «በአፍህ ጥራው» ይላሉ። ሰውየው ይጠራል። «ድገመው።» ይደግማል። «እስቲ ገበያ መሐል እንደቆምክ ሆነህ ጥራው።» ሰውየው ያፍራል፤ ግን ይጠራል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይላሉ።

«ጥሩዬ፣ ይኼ ስም ወዴት ወሰደሽ?»

መጀመሪያ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው «ጎህ ሲቀድ ምግብ ቤት» ብሎ መጣ። ወዴት ወሰደሽ ሲሉኝ፣ ልቤ ያለኝን፣ «ከድልድዩ ማዶ፣ ጎህ ቀደደ ምግብ ቤት» አልኳቸው።

«ሰማህ?» አሉት። «ልጄን ምሳ አምጪ ብዬ ወዳንተ ብልካት እሱ ቤት ነው የምትገባው።»

«ጋሼ፣ የሱ ቀደደ ነው። የኔ ገና ሲቀድ ነው።»

«ለልጅቷ አንድ ጎህ ነው። ሌላ ስም ይዘህ ና።»

ሕጉን ያስረዱኝ አንድ ክረምት ዝናቡ እስኪያባራ ነው። «ድንበር የሚገፋ ሰው አይተሻል?» አሉኝ። አይቻለሁ አልኩ፤ አባቴና አጎቴ በዚያ ነው የተኳረፉት። «በአንድ ቀን ማሳ አይወስድም። በየዓመቱ አንድ ትልም ነው የሚገፋ። ስም የሚወስድ ሰውም እንደዚያው ነው። እንዳለ አይወስደውም። አንድ ቃል ይጨምራል፣ አንዱን ይገለብጣል። ሕጉ የሰው ስም አትውሰድ ብሎ አያበቃም፤ ሰው የሚያሳስት፣ የሚመስለውንም አትውሰድ ይላል። ቀድሞ ያስመዘገበ ባለ ማሳ ነው። ኋላ የመጣ ፈንጠር ብሎ ይረስ።»

ከዚያ ወዲያ የትም ስሄድ ታፔላ የተሰቀለበትን ቤት ሰው ሲጠራው እሰማለሁ። ታፔላውን አላነበውም። የምሰማው ሰው እንዴት እንደሚጠራው ነው። ብዙ ጊዜ የተጻፈውና የሚጠራው አንድ አይደለም። ረጅም ስም ይጽፋሉ፤ ገበያተኛው ከግማሹ ቆርጦ ያስቀረዋል። አቶ ይርሳው ይኼንንም ይጠይቁኝ ነበር። «ሰው ምን ብሎ ይጠራዋል?» እነግራቸዋለሁ። መዝገቡ ዳር ላይ በእርሳስ ይጽፏታል።

የሚያስቅም አይጠፋም። አንድ ሰው አረቄ ቤት ሊከፍት መጣና ስሙን «ቅዱስ ገብርኤል አረቄ ቤት» አለ።

«ፈቃድ አለህ?» አሉት።

«ፈቃዱን ልወስድ አይደል የመጣሁት?»

«የገብርኤልን ነው የምልህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በየወሩ እዘክራቸዋለሁ።»

«መዘከርህን ዘክር። ሰክሮ የወጣ ሰው የት ነበርክ ሲባል ገብርኤል ሊል ነው? የሃይማኖት ስም ያለ ቤተ ክህነት ደብዳቤ አይመዘገብም።»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ቅዱስ የሚለውን ላውጣው» አለ። አቶ ይርሳው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሌላ ጊዜ ታደለ የሚባል ሥጋ ሻጭ መጣ። «ታደለ ልኳንዳ» የሚባል ሌላ ነበር። «ስሜን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ከሱ ተውሼ ነው?» ብሎ ተቆጣ። «ስምህን ማንም አይነጥቅህም» አሉት። «ግን ሥጋ የሚገዛው ሰው የማንኛው ታደለ እንደሆነ ይወቅ። የአባትህን ጨምርበት።» አባቱ ቄስ ናቸው፤ ልኳንዳ ላይ ስማቸው ቢወጣ በመቋሚያ ይሉታል። «እንግዲያው አያትህን ጨምር» አሉት። የአያቱ ስም ታፔላ ላይ ወጣ። አያትየው ሞተው ስለነበር አልተቃወሙም።

አቶ ይርሳው ጡረታ ወጥተው ወደ ይፋግ ተመለሱ። ቀጥሎ መዋቅር ተለወጠ ተባለ። እኔንም ወደ አንዲት ደጋ ከተማ አዛወሩኝ። ስሟን አልጠራም ብያለሁ። ከደብረ ታቦር የባሰ ትበርዳለች፤ ይኼን ብቻ ልበል።

እዚያ ያገኘሁት ኃላፊ አቶ ዳዊት ይባላል። ከሌላ አገር የመጣ፣ የተማረ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሰው አያጉላላም። ሻይም መዝገብ ላይ አያስቀምጥም፤ መዝገብ የለምና። ያለው ኮምፒዩተር ነው። የድሮው ፋይል መደርደሪያ ላይ አለ፤ ስሞቹን ሁሉ ወደ ማሽኑ አስገብተዋቸዋል።

በመጣሁ ሰሞን አንድ ሰው ስም ሲናገር፣ እንደለመድኩት «ይኼ ወደ እገሌ ቤት ወሰደኝ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አቶ ዳዊት ፈገግ አለ። «እትዬ ጥሩ፣ እርስዎ አይድከሙ። ማሽኑ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያያል።» ሰው ሳቀ። ክፉ ነገር አልተናገረም። ማሽኑም ፈጣን ነው፤ እኔ ሦስት መደርደሪያ እስክዳብስ እሱ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ግን ስም ሲጠራ መስማቴን አልተውኩም፤ መናገሬን ተውኩ።

በዚያች ከተማ መናኸሪያው ጎን ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት ነበረች። በሶ ነው የምትሸጥ። ንግዱም በስሟ ነው የተመዘገበው፤ «ዓለምፀሐይ በሶ»። ገብሱን ከጉና ግርጌ ራሷ መርጣ ትገዛለች፤ ነጩን፣ ፍሬው ሞላ ያለውን። በእጇ ጨብጣ ለቀቅ ታደርገዋለች፤ እጇ ላይ የሚቀር ከሆነ አልደረቀም ብላ ትመልሳለች። አለስልሳ ትፈትገዋለች፣ ታሰጣዋለች፣ ትቆላዋለች። ሲቆላ አትናገርም፤ የሚንጣጣውን ድምፅ ነው የምታዳምጥ። ድምፁ ሳሳ ሲል ታወጣዋለች። ከጋይንት የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ከሷ ሳይዝ አያልፍም። ተማሪ ለወሩ ይሰንቃል። ማንበብ የሚችልም የማይችልም «የዓለምፀሐይን ስጠኝ» ነው የሚል።

አንድ ቀን ሽባባው የሚባል ነጋዴ ማመልከቻ ይዞ መጣ። እኔ መስኮት እወለውላለሁ። አቶ ዳዊት ወረቀቱን እያየ ማሽኑ ላይ ጻፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «አለምጸሀይ በሶ።»

ሰናይት፣ ይኼኛውን እሱ እንደጻፈው ጻፊው። የሷን በደንቡ ጻፊው።

ጆሮዬ ወዲያው መናኸሪያ ደረሰ። ዞር አልኩ። አቶ ዳዊትም ጥቂት ተጠራጠረ። «መናኸሪያው ጋ አንዲት ሴት አሉ መሰለኝ?» አለ።

«የሷ በሌላ ፊደል ነው» አለ ሽባባው፣ ቶሎ ብሎ። «እዩት፣ አንድም አይገናኝም።»

አቶ ዳዊት ወደ ማሽኑ ተመለሰ። «እውነትም፤ ተመሳሳይ ስም አልተገኘም ይላል» አለ።

ጨርቁን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሁለቱ ስሞች ለእኔ አንድ ናቸው። ግን ፊደሉ ሌላ ነው አሉ። ፊደል ለእኔ የቤተ መቅደስ መጋረጃ ማለት ነው፤ ከውስጥ ያለውን አላውቅም። የተማሩ ሰዎች ሁለት ነው ያሉትን እኔ ማን ሆኜ አንድ ነው እላለሁ? ደግሞም ያ የሰው ሳቅ ትዝ አለኝ። መስኮቱን መወልወል ቀጠልኩ። የጠራውን መስታወት እንደገና ወለወልኩት። ማህተሙ ሲመታ ከኋላዬ ሰማሁ።

ወራት አለፉ። ሽባባው መናኸሪያው መግቢያ ላይ ትልቅ ታፔላ ሰቀለ። በሶውን በላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ ስሙን በቀይ አሳትሞ አወጣው። ዋጋው ረከስ ይላል። ግማሹ በቆሎ ነበር።

አንድ ጧት ዓለምፀሐይ አንዱን ከረጢት ይዛ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ነጠላዋ ዱቄት ነክቶታል። ከረጢቱን አቶ ዳዊት ፊት አስቀመጠችው።

«ቅመሰው» አለችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቅመሰውና አንተ ንገረኝ።»

በጣቱ ነክቶ ቀመሰ፤ ጣቱን በወረቀት ጠረገ።

«ትናንት ከጋይንት የመጣ ሹፌር ሰው ፊት በተነብኝ» አለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ገብስሽ አልቆ ነው በቆሎ ያበላሽን? አለኝ። የኔ አይደለም አልኩት። ስምሽ አይደለም የተጻፈ? አለኝ። ስሜ ነው። ምን ልበለው?»

አቶ ዳዊት ፋይሏን ጠየቀኝ። አወጣሁለት። የሽባባውንም ከማሽኑ አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በጨዋነት ያስረዳት ጀመር። «እማማ፣ የእርስዎ በዓይኑ ዐ ነው የሚጀምረው። በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ነው የሄደው። የሱ በአልፋው አ፣ በጸሎቱ ጸ፣ በሃሌታው ሀ ነው። ማሽኑ ሁለት ስም አድርጎ ነው ያያቸው።»

«እሱን ለሹፌሩ ንገርልኝ» አለችው።

አቶ ዳዊት አንገቱን ደፋ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ጥሩዬ፣ ሲመዘገብ አንቺ እዚህ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያስ?»

«ወረቀቱን እነሱ ናቸው የሚያዩ» አልኳትና መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። ከተናገርኩት ሁሉ አንዱን መልሰሽ ዋጪ ብባል፣ የምውጠው እሱን ነው።

አቶ ዳዊት ለሁለቱም ወገን ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ። የሽባባው ስም ሊሰረዝ የሚችለው የሷን ይመስላል፣ ሰው ያሳስታል ከተባለ ነው። ሁለት የተለያየ ስም ነው ከተባለ ይጸናል፤ እሷም ከነበቆሎው ትቀመጣለች።

እሁድ መኪና ተሳፍሬ በወረታ አድርጌ ይፋግ ወረድኩ። አቶ ይርሳው ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በድምፄ ነው ያወቁኝ።

«ማንበብ ከተውኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉኝ። «አሁን እኩያሞች ሆነናል።»

ነገሩን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ስሙ ሲጠራ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ወዴት ወሰደሽ?»

«መናኸሪያ።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ። ፊደሉ ሌላ ነው አሉ። አንቱ ቢሆኑ ኖሮ ያውቁት ነበር። እኔ አላነብ።»

«እኔ እነዚያን ስሞች ሁሉ አንቺን የጠየቅሁሽ ለምን ይመስልሻል?»

«ደግ ስለነበሩ።»

«ደግ አልነበርኩም። ሰነፍ ሠራተኛ አልወድም ነበር፤ ድመትሽንም አልወዳትም ነበር። አንቺን የጠየቅሁ አንብበሽ ስለማታውቂ ነው። እኔ ስሙን ሳየው ፊደሉ ያታልለኛል። ሕጉ የሚጠብቀው ገዢው እንዳይሳሳት ነው፤ ገዢው ደግሞ በጆሮው ነው የሚገዛ። ገዢው አንቺ ነሽ። የተማረ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እኔ ጆሮሽን ነበር የፈለግሁት።»

ከዚያ ስለ ሽምብራቸው አወሩኝ። እህል ቀመስኩና ተመለስኩ። መኪናው ውስጥ ሳስበው፣ ሥራዬን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የሠራሁት ለካ።

የቀጠሮው ቀን ሽባባው ብቻውን አልመጣም። የሠፈሩን መሪጌታ ይዞ መጣ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቅኔውንም ዜማውንም የዘለቁ። ምስክር አድርጎ ነው ያመጣቸው።

«መሪጌታ፣ ፊደል ትርጉም ይለውጣል ወይስ አይለውጥም? ይንገሩልኝ» አለ።

«ይለውጣል እንጂ» አሉ። «በግዕዙ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ ብርሃን ሆነ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሰረቀ፣ ሌባ ሆነ ማለት ነው። ድምፁ አንድ፣ ነገሩ ሌላ።»

ሽባባው ደስ አለው። «ሰማህ አቶ ዳዊት? ፊደል ከተለየ ስሙ ሌላ ነው።»

ዓለምፀሐይ ከረጢቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ይኼን ስትሰማ ፊቷ ከሰለ። እሷም እንደኔው ፊደል አታውቅም፤ መሪጌታን የሚመልስ ቃል ከየት ታምጣ?

አቶ ዳዊት ሁለቱን ወረቀት መሪጌታ ፊት አኖረ። «እንግዲያው መሪጌታ፣ እነዚህ ሁለት ስሞች ናቸው?»

መሪጌታ መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን አዩ። ሁለተኛውን ብዙ አዩት፤ ወደ መስኮቱ አቅርበውም አዩት።

«ይኼኛውን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሽባባው።

«ዓለም በአልፋው አ ምን ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ለዚያ አይደል እርስዎን ያመጣሁ።»

«ምንም ማለት አይደለም። ፀሐይም በጸሎቱ ጸ በሃሌታው ሀ ምንም ማለት አይደለም። ሠረቀና ሰረቀ ሁለት ቃል ናቸው፤ ሁለቱም ቤት አላቸው። ይኼ ግን ሌላ ቃል አይደለም ልጄ፤ ያው ዓለምፀሐይ ነው፣ ተማሪ ቤት ያልዋለ ሰው የጻፈው።»

«መሪጌታ፣ እኔ እኮ ነኝ ያመጣሁዎ!»

«አምጥተኸኛል። ውሸት ተናገር ግን አላልከኝም፤ ብትለኝም አልመጣ።»

አቶ ዳዊት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀልቷል። ዓለምፀሐይን አያትና «እማማ፣ ስህተቱ የማሽኑ ነው» አላት። «ፊደሉን ነው ያየው። ያን ቀን እዚህ ከነበርን ሰዎች ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።»

እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ያ ቃል ጥሩ መሸሸጊያ ነበር፤ ለእሱም ለእኔም የሚበቃ።

«እኔ አውቄያለሁ» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ስሙ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ። አንድ መሆኑን አውቄያለሁ። ፊደሉ ሌላ ነው ሲባል ዝም አልኩ።»

ዓለምፀሐይ አቶ ዳዊትን «ከተመዘገበ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሰባት ወር።»

«ሰባት ወር» አለች። ወደ እኔ አልዞረችም።

የሽባባው ስም ተሰረዘ። ታፔላውን አወረደ፤ ከረጢቱ እንዳይሸጥ ታገደ። ካሳ ከፈለግሽ ፍርድ ቤት ሂጂ ተባለች፤ ለሱ አቅም አልነበራትም። አቶ ዳዊት ከዚያ በኋላ ስም የሚያስመዘግብ ሰው ሲመጣ ማሽኑን ወደ ግድግዳ አዙሮ «በአፍዎ ይጥሩት» ማለት ጀመረ። ከዚያ ወደ እኔ ያያል። በሰው ፊት ነው የሚጠይቀኝ፤ ይኼ ከይቅርታ የማያንስ ነበር።

የዓለምፀሐይ ስም ተመለሰላት እንጂ ገበያዋ አልተመለሰም። ሰው በሶ አልቀምስም አላለም፤ ዓለምፀሐይ ሲባል በቆሎ ነው ትዝ የሚለው። ሕግ ታፔላ ያወርዳል። የሰው ምላስ ላይ ያለውን ጣዕም ግን የሚያወርድ አዋጅ አልሰማሁም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። ወንበር ሳትይዝ «ስሜን ሰርዙልኝ» አለች።

«አሸንፈው?» አላት አቶ ዳዊት።

«ስም አሸነፍኩ። ሌላ ስም ስጡኝና እንጀራዬን ልብላ።»

«ማን ይባልልዎ?»

«ጉና ሥር በሶ።»

አቶ ዳዊት ማሽኑ ላይ ጻፈ። «ተመሳሳይ አልተገኘም» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት። ሊክሳት ፈልጎ ነው። ማህተሙን አነሣና፣ ከአመሉ የተነሣ፣ ወደ እኔ አየ።

ያኔ ነው ጉዱ። ጆሮዬ ወደ ሁለተኛው መደርደሪያ ሄዷል። «ሥረ ጉና ዱቄት» የምትባል አለች። ከላይኛው ቀበሌ ናት፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ገበያተኛው ሲጠራት «ጉና ሥሯ» ነው የሚላት። ዓለምፀሐይን አየኋት። ለሷ ዝም ማለት ይቻለኝ ነበር። ባንዱ ዝምታ የጎዳኋትን በሌላው ልክሳት እችል ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም።

«አይሆንም» አልኩ። «ሥረ ጉና አለች።»

አቶ ዳዊት ማህተሙን አወረደ። ዓለምፀሐይ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«ለሱ ጊዜ ዝም ብለሽ፣ ለኔ ጊዜ አፍ አወጣሽ?»

«አዎ» አልኳት።

«ምነው ባትኖሪ ዛሬ።»

ቆመች፤ እሄዳለሁ ብላ ወደ በሩ ዞረች፤ ተመለሰች። «ምንድን ነው የምትሸጥ፣ ያቺ?»

«ዱቄት።»

«ባል አላት?»

«የላትም።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች። አቶ ዳዊት ወረቀት የሚያገላብጥ መሰለ፤ የሚያገላብጠው ግን አልነበረም።

«የኔ በሶ ቢሻግት፣ ዱቄቱ የሚበተነው እሷ ላይ ነው» አለች፣ ለራሷ ይመስላል። ከዚያ ተነሣች። ማንም በአፍሽ ጥሪው ሳይላት፣ ልክ ገበያ መሐል እንደቆመች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራች።

«ይበልጣል በሶ!»

የወንድ ልጇ ስም ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ደብረ ታቦርን ዞርኩ፣ ያችን ከተማ ዞርኩ፣ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ዳበስኩ። ከማንም ደጃፍ አላደረሰኝም።

«ይጻፍላት» አልኩ።

ማህተሙ ተመታ። ወረቀቷን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። አልተሰናበተችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከግቢው ደጃፍ አንድ መንገደኛ አስቁማ «ይበልጣል በሶ አለልህ» ስትለው ሰማሁ።

«እሱ ደግሞ የማን ነው?» አላት።

«የኔ ነው» አለችው።